ምርኮ፣ ስደት፣ ፍልሰት፦ አይሁድ መቼና እንዴት ተበተኑ?

የጋዛ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በስብከትም፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ክርክርም አንድ አባባል ይደጋገማል፦ «አይሁድ በ70 ተበተኑ፣ በ1948 ተሰበሰቡ።» ለጆሮ ይጥማል፣ ለማስታወስም ይቀላል። ታሪኩ ግን እንዲህ አልሄደም። የሮማው ጦር አዛዥ ቲቶ በ70 የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ባቃጠለ ጊዜ በባቢሎን፣ በእስክንድርያ፣ በቀሬናና በሮም የሚኖሩ አይሁድ ለትውልዶች እዚያው ተወልደው እዚያው ሲቀበሩ ኖረዋል። ከቃጠሎው በኋላም አገሪቱ ከአይሁድ ባዶ አልሆነችም። ይህን ያወቁ አንዳንድ ተከራካሪዎች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጡና «ምርኮ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ኋላ የተፈጠረ ተረት ነው» ይላሉ። ይህም ከመሬት ከወጡት የሸክላ ጽላቶች ጋር አይገጥምም።

ነገሩን ለመለየት አማርኛ ራሱ ጥሩ መሣሪያ ይሰጠናል። በጦር ተሸንፎ መወሰድ ምርኮ ነው። ሸሽቶ መውጣት ስደት ነው። ወታደርነት፣ ንግድ ወይም የእርሻ መሬት ፍለጋ ከአገር ወጥቶ መቅረት ፍልሰት ነው። ሦስቱም በአይሁድ ታሪክ ደርሰዋል፤ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ምክንያት። ዛሬ ከአሜሪካ ለሚመጣው ዘመድ ሁሉ የምንጠቀምበት «ዲያስፖራ» የሚለው የግሪክ ቃል ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ስለሚከታቸው ነው ክርክሩ የሚደባለቀው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉትን «ቅ.ል.ክ.» ብለናል።)

ቃሉ ራሱ ከብተናው የተወለደ ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. እስክንድርያ የሚኖሩ አይሁድ ኦሪትን ወደ ግሪክኛ ሲመልሱ ዘዳግም 28፥25 ላይ ደረሱ። ዕብራይስጡ እስራኤል በምድር መንግሥታት ሁሉ ፊት «መሸበሪያ» ትሆናለች ይላል። ተርጓሚዎቹ «በምድር መንግሥታት ሁሉ በዲያስፖራ ትሆናለህ» ብለው ጻፉ። የግሪኩ ግሥ ገበሬ ጤፍ እንደሚበትነው ዘርን ወዲያና ወዲህ መዝራት ማለት ነው። ዕብራይስጡ ለስደት የሚጠቀምበት «ጋሉት» ግን ከአገር መነቀልን እንጂ መዘራትን አያሳይም። የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከዚሁ ከሰብዓ ሊቃናት ግሪክኛ ስለሆነ የእኛም አንባቢ የወረሰው የእስክንድርያዎቹን አነጋገር ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ምርኮ የሰሜኑ መንግሥት ነው። ሰማርያ በ722 ቅ.ል.ክ. አካባቢ በአሦር እጅ ወደቀች። ንጉሥ ሳርጎን 2ኛ በጽሑፉ 27 ሺህ ያህል ሰው ማረክሁ ብሎ ተመጻድቋል። 2ኛ ነገሥት 17፥6 የሰፈሩበትን ቦታ ሲዘረዝር አላሔን፣ የጎዛንን ወንዝ አቦርንና የሜዶንን ከተሞች ይጠቅሳል። ወሳኙ ግን ቁጥር 24 ነው፤ አሦር ከባቢሎን፣ ከኩታ፣ ከአዋ፣ ከሐማትና ከሴፈርዋይም ሰዎችን አምጥቶ በሰማርያ አሰፈረ። የአሦር ዘዴ በሁለት አቅጣጫ የሚሠራ ነበር፦ ተማራኪውን በተራራቁ አውራጃዎች በትኖ ያሰፍራል፣ በተለቀቀው መሬት ላይ ደግሞ ባዕድ ይተክላል። ዐመፅ እንዳይነሣ ሰውን ከመሬቱም ከወገኑም መለየት ነው ዓላማው። «የጠፉት ዐሥሩ ነገዶች» የተባሉት የት እንደ ገቡ ብዙ ተጽፏል፤ አፍጋኒስታን የላካቸው አለ፣ አሜሪካ ያሻገራቸውም አለ። እንዲጠፉ ያደረጋቸው ግን ይህ የአሰፋፈር ፖሊሲ ነው። ሁሉም አልተማረኩም፤ ከፊሉ ወደ ይሁዳ ሸሸ፣ ከፊሉ እዚያው ቀርቶ ከመጤዎቹ ጋር ኖረ።

የባቢሎን ምርኮ ለምን ሌላ ውጤት አመጣ? ናቡከደነፆር በ597 ቅ.ል.ክ. ንጉሥ ዮአኪንን ከነቤተሰቡ፣ ከሹማምንቱና ከእጅ ባለሙያዎቹ ጋር ወሰደ። በ586 (አንዳንዶች 587 ይላሉ) ኢየሩሳሌምና ቤተ መቅደሱ ተቃጠሉ። ስለ ቁጥሩ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሁለት ሒሳብ ይሰጣል። 2ኛ ነገሥት 24፥14 በመጀመሪያው ዙር ብቻ 10,000 ይላል። ኤርምያስ 52፥28-30 ደግሞ በሦስት ዙር 3,023፣ 832 እና 745፣ በድምሩ 4,600 ይቆጥራል። የኤርምያሱ ቁጥር ወንድ አባወራዎችን ብቻ የያዘ ነው የሚል ማስታረቂያ ይቀርባል። የትኛውም ቢወሰድ የተማረከው የአገሩ ልሂቅ እንጂ ሕዝቡ በሙሉ አይደለም፤ 2ኛ ነገሥት 25፥12 የምድሪቱ ድሆች ወይን እንዲተክሉና መሬት እንዲያርሱ እንደ ተተዉ ይናገራል።

ባቢሎን በይሁዳ ምድር ባዕድ አላሰፈረም። የተማረኩትንም አልበተናቸውም፤ በመስኖ ቦይ ዳር፣ ባድማ በነበሩ መንደሮች በወገን በወገናቸው አስቀመጣቸው። ሕዝቅኤል 3፥15 በኮቦር ወንዝ አጠገብ ቴል አቢብ በምትባል ሰፈር ከምርኮኞቹ ጋር ሰባት ቀን መቀመጡን ይጽፋል። (የዛሬዋ ቴል አቪቭ ስሟን የወሰደችው ከዚህች የባቢሎን የምርኮኞች ሰፈር ነው፤ በባሕር ዳር ለተቆረቆረች የእስራኤል ከተማ የምርኮ መንደር ስም መውጣቱ ሳያስገርም አይቀርም።) ከባቢሎን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ከወጡት ጽላቶች አንዱ፣ በ592 ቅ.ል.ክ. የተጻፈው፣ የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪንና አምስት ልጆቹ የሚሰፈርላቸውን የዘይት ቀለብ መዝግቧል። ለአምስቱ ልጆች በአንድነት የተመደበው 2½ ሲላ ነው፤ አንድ ሲላ ከሊትር ብዙ አይርቅም። «ምርኮ ተረት ነው» የሚለው ክርክር ይህን ጽላት አያልፈውም።

ከዚህ በላይ የሚናገሩት ደግሞ በ2014 በብዛት የታተሙት «አል ያሁዱ»፣ ማለትም «የይሁዳ ከተማ»፣ ከተባለች መንደርና ከአካባቢዋ የወጡ ጽላቶች ናቸው። ከ572 እስከ 477 ቅ.ል.ክ. ይደርሳሉ። የተገኙት በቁፋሮ ሳይሆን በቅርስ ገበያ በኩል ስለሆነ የመንደሯ ትክክለኛ ቦታ አልታወቀም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ይዘታቸው ግን ግልጽ ነው። በስማቸው ውስጥ የያህዌን ስም የያዙ ሰዎች መሬት ይከራያሉ፣ ገብስና ተምር ይገብራሉ፣ ብድር ይሰጣሉ፣ ውርስ ይካፈላሉ። ለመሬቱ ዋጋ መንግሥትን በጦር ወይም በጉልበት ያገለግላሉ። ኤርምያስ 29 ላይ ለምርኮኞቹ የተላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ ይላል። ጽላቶቹ የዚህ ምክር የሒሳብ መዝገብ ይመስላሉ።

ስለዚህ ቂሮስ ባቢሎንን በ539 ቅ.ል.ክ. ይዞ በሩ ሲከፈት ሁሉም አልወጣም። ዕዝራ 2፥64 የተመለሱትን 42,360 ይላቸዋል፤ ከእነሱ ሌላ 7,337 አገልጋዮች ነበሩ። የመንደሩና የየቤተሰቡ ዝርዝር ሲደመር ግን 30 ሺህ አይሞላም፤ አንባቢ ራሱ በወረቀት ሊሞክረው ይችላል። ጉዞው ቀላል አልነበረም፤ ካህኑ ዕዝራ ከጊዜ በኋላ ሲመጣ አራት ወር ፈጅቶበታል (ዕዝራ 7፥9)። ስለ ቂሮስ ሲነሣ በብሪታንያ ሙዚየም ያለው የሸክላ ጥቅልል ለማስረጃ ይጠቀሳል። ጥቅልሉ የተማረኩ ሕዝቦችንና አማልክቶቻቸውን ስለ መመለስ በጥቅሉ ይናገራል እንጂ ይሁዳን ወይም ኢየሩሳሌምን በስም አያነሣም፤ የሌለውን እንዲናገር ማድረግ አይገባም። ጥያቄው «ለምን አልተመለሱም?» ከሆነ መልሱ እርሻቸው፣ ብድራቸውና የልጅ ልጆቻቸው እዚያ ነበሩ የሚል ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባቢሎን የቀሩት ምርኮኛ መሆናቸው ቀርቶ ነዋሪ ሆኑ።

ወደ ግብፅ የሄዱት በሌላ በር ነው የወጡት። ባቢሎን የሾመው ገዢ ጎዶልያስ ሲገደል የቀሩት ሰዎች የናቡከደነፆርን በቀል ፈርተው፣ ኤርምያስ እየከለከላቸው፣ እርሱንም ይዘው ወደ ግብፅ ሸሹ (ኤርምያስ 41-43)። ይህ ስደት ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ዛሬ አስዋን አጠገብ ባለችው የኤለፋንቲን ደሴት፣ የኩሽን ድንበር የሚጠብቁ የአይሁድ ወታደሮች ሰፈር ነበር። ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የተገኙ የአረማይስጥ ፓፒረሶች እንደሚያሳዩት ከኢየሩሳሌም ውጭ የራሳቸው ቤተ መቅደስ ነበራቸው፣ መሥዋዕትም ያቀርቡ ነበር፤ በዘዳግም ሕግ ይህ የተከለከለ ነው። በ410 ክኑም የተባለው የግብፅ አምላክ ካህናት አስፈረሱባቸው፤ በ407 እንደ ገና እንዲሠራ እንዲረዳቸው ለይሁዳው ገዢ ለባጎሂ ማመልከቻ ጻፉ። እነዚህ ማንም ያልማረካቸው፣ በደመወዝ የሚኖሩ ወታደሮች ናቸው።

ከእስክንድር በኋላ ፍልሰቱ ሰፋ። ሴሌውቃዊው ንጉሥ አንጥዮኮስ 3ኛ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መጨረሻ በልድያና በፍርግያ ዐመፅ ሲያስቸግረው 2,000 የአይሁድ ቤተሰቦችን ከባቢሎን አካባቢ አምጥቶ በዚያ እንዳሰፈረ፣ የቤት መሥሪያ፣ የእርሻና የወይን መሬት እንደ ሰጣቸው፣ ለዐሥር ዓመትም ከግብር ነፃ እንዳደረጋቸው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የሚባለው ሳይሆን የ1ኛው ክፍለ ዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፍላቭዮስ ዮሴፍ መዝግቧል። (ሁለቱን ዮሴፎች መቀላቀል በእኛ ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በግእዝ ያለው መጽሐፍ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው።) የምርኮኞች የልጅ ልጆች በሌላ አገር የታማኝ ሰፋሪ ሚና ተሰጣቸው ማለት ነው። የእስክንድርያው አይሁዳዊ ፈላስፋ ፊሎ ደግሞ በግብፅ ከሊቢያ ቁልቁለት እስከ ኢትዮጵያ ድንበር ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ አይሁድ አለ ይላል። ቁጥሩ ሳይጋነን አልቀረም፤ ከእስክንድርያ አምስት ክፍሎች ሁለቱ የአይሁድ ይባሉ ነበር ማለቱ ግን ብዛታቸውን ያሳያል። ሮም የገቡት ብዙዎቹ የሮማው ጦር አዛዥ ፖምፔ በ63 ቅ.ል.ክ. ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ በባርነት የተወሰዱ ናቸው፤ ነፃ ወጡ፣ ከቲቤር ወንዝ ማዶ ሰፈሩ። የሐዋርያት ሥራ 6፥9 የሚጠቅሳት የነፃ ወጪዎች ምኵራብ ስሟ ይህን ታሪክ ያስታውሳል።

የሐዋርያት ሥራ 2፥9-11ን በዚህ ዓይን ያነበበ ሌላ ነገር ያያል። ጳርቴ፣ ሜድ፣ ኢላሜጤ፣ መስጴጦምያ፣ ቀጰዶቅያ፣ ጳንጦስ፣ እስያ፣ ፍርግያ፣ ጵንፍልያ፣ ግብፅ፣ በቀሬና በኩል ያለው ሊቢያ፣ ሮም፣ ቀርጤስ፣ ዐረብ። ቤተ መቅደሱ ሊቃጠል ገና አርባ ዓመት ገደማ ሲቀረው የብተናው ካርታ ተስሎ አልቋል። እነዚህ ሰዎች ለበዓል ሲመጡ የሚያርፉበት ቤት እንኳ ነበራቸው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኢየሩሳሌም የተገኘው የቴዎዶቶስ የድንጋይ ጽሑፍ ምኵራቡ የተሠራው ሕግ ለማንበብና ትእዛዛትን ለማስተማር፣ የእንግዳ ክፍሎቹና የውኃ መሰናዶው ደግሞ ከውጭ አገር ለሚመጡ መሆኑን ይናገራል።

ከአገር ውጭ ያለውን ከኢየሩሳሌም ጋር የሚያስረው ገመድ ገንዘብ ነበር። እያንዳንዱ ወንድ በዓመት ግማሽ ሰቅል ለቤተ መቅደስ ይልካል። ሮማዊው አገረ ገዢ ፍላኩስ በ62 ቅ.ል.ክ. ወርቁን በትንሹ እስያ ከተሞች ሲወርስ በአፓሜያ ብቻ 100 የሮማ ፓውንድ ያህል ተይዟል። አሁን ወደ 70 እንመለስ። ያ ዓመት የለወጠው ይህንን ገመድ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ያው ግማሽ ሰቅል፣ ሁለት ድራክማ፣ በሮም ላለው ለጁፒተር መቅደስ እንዲከፈል አዘዘ፤ ያውም ከሴትም ከሕፃንም ጭምር። በግብፅ ኤድፉ በተገኙ የገል ስባሪዎች ላይ የተጻፉ ደረሰኞች ግብሩ ከሦስት ዓመት ሕፃን ጀምሮ ይሰበሰብ እንደ ነበር ያሳያሉ። በንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን ዘመን ግብር ሰብሳቢዎች የዘጠና ዓመት ሽማግሌ በሕዝብ ፊት አስወልቀው መገረዝ አለመገረዙን ሲመረምሩ ማየቱን ሮማዊው ጸሐፊ ሱዌቶንዮስ ጽፏል። «በ70 ምን ሆነ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ላይ ነው፦ መሥዋዕቱ ቆመ፣ መዋጮው ቅጣት ሆነ፣ በጦርነቱም ብዙ ሰው ተማርኮ ለባርነት ተሸጠ። ሕዝቡ በሙሉ ከአገር የወጣበት አዋጅ ግን የለም።

የከፋው ኋላ ነው የመጣው። ከ115 እስከ 117 በቀሬና፣ በግብፅና በቆጵሮስ ያሉ አይሁድ ዐመፁ፤ ሮም ዐመፁን ስትደመስስ የእስክንድርያ ታላቅ ማኅበር ተሰባበረ። ከ132 እስከ 135 በይሁዳ በዐመፁ መሪ ስም የባር ኮክባ ጦርነት የሚባለው ሆነ። የሮማ ታሪክ ጸሐፊው ካስዮስ ዲዮ 50 ምሽጎችና 985 መንደሮች እንደ ወደሙ፣ 580,000 ሰው በጦርነት እንደ ተገደለ ይናገራል፤ ቁጥሩን እንደ ቃል መውሰድ ባይቻልም የይሁዳ ገጠር መራቆቱ በቁፋሮም ይታያል። ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ኢየሩሳሌምን ኤልያ ካፒቶሊና ብሎ አይሁድ እንዳይገቡባት ከለከለ፤ አውራጃውን ሶርያ ፓለስቲና አለው። ብተናን ያባባሰ አንድ ዓመት ይጠራ ከተባለ ከ70 ይልቅ 135 ይቀርባል። ያኔም ቢሆን ሕይወቱ ወደ ገሊላ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም፤ የራቢዎቹ የቃል ሕግ ስብስብ ሚሽና በ200 አካባቢ የተጠናቀረው በገሊላ ነው፣ ጥብርያዶስም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የትምህርት ማእከል ነበረች።

የብተናው አሻራ ዛሬም የሚታይበት አንድ ተግባራዊ ቦታ የበዓል አቆጣጠር ነው። የጨረቃ ወር 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ አዲስ ወር መግባቱ በምስክር ይረጋገጥና ይታወጅ ነበር። መልእክቱ በመጀመሪያ ከደብረ ዘይት ጀምሮ በተራራ ላይ በሚነድ እሳት ይተላለፍ ነበር፤ ሚሽና እንደሚለው «ኩታውያን»፣ ማለትም ሳምራውያን፣ ሐሰተኛ እሳት እያነደዱ ስላበላሹት መልእክተኛ መላክ ተጀመረ። (ስማቸው ከ2ኛ ነገሥት 17 ኩታ የመጣ ነው፤ አሦር ያሰፈራቸው ሰዎች ስድብ ሆነው በመዝገብ ቀሩ።) ፋሲካ በወሩ በ15ኛው ቀን ነው፤ መልእክተኛው እስከዚያ ያልደረሰበት አገር ከስሕተት ለመዳን ሁለት ቀን ያከብራል። በኋላ አቆጣጠሩ በሒሳብ ተወስኖ ጥርጣሬው ቢጠፋም ልማዱ ቀረ። ስለዚህ ዛሬም ፋሲካ በእስራኤል 7 ቀን፣ ከእስራኤል ውጭ ግን በኦርቶዶክስ አይሁድ ዘንድ 8 ቀን ነው። ስምንተኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ሲውል የሳምንቱ የኦሪት ምንባብ በኢየሩሳሌምና በኒው ዮርክ ይለያይና ለሳምንታት ሳይገናኝ ይቆያል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት እንለፈው። በ1290 እንግሊዝ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ፣ በ1492 ስፔን አስወጣቻቸው፤ ከስፔን የወጡት ብዙዎቹ በኦቶማን ግዛት ተጠለሉ። በእነዚህ አገሮች የነበሩት ማኅበሮች ስማቸውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ነበር የወሰዱት፦ ጀርመንን በዘፍጥረት 10፥3 ባለው አስከናዝ፣ ስፔንን በአብድዩ ቁጥር 20 ባለው ሰፋራድ ጠሯት። ሰፋራድ በመጀመሪያ የትንሹ እስያዋ ሰርዴስ ሳትሆን አትቀርም፤ የመካከለኛው ዘመን አንባቢ ግን የራሱን ስደት በትንቢቱ ውስጥ ማየት ፈለገ። የባቢሎኑ ማኅበር ከሁሉም ረዥሙን ዕድሜ ኖረ። የዮአኪን ዘመን ምርኮኞች የጀመሩት ኑሮ በአብዛኛው የተዘጋው በ1950 እና 1951 ከ120,000 የማያንሱ የኢራቅ አይሁድ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ነው። ዘመቻውን «ዕዝራና ነህምያ» አሉት። ዕዝራን አራት ወር የፈጀው መንገድ ለእነሱ የሰዓታት ጉዳይ ነበር፤ ዜግነታቸውንና ንብረታቸውን ግን አጥተው ነው የተሳፈሩት።

ወደ ቤተ እስራኤል ስንመጣ ሦስቱን ቃላት መለየት ይበልጥ ያስፈልጋል። «ፈላሻ» የሚለው መጠሪያ የሚያያዘው ፈለሰ ከሚለው ግሥ ጋር ነው፤ መጤ፣ አገር የለሽ የሚል ስድብ ስለሆነባቸው እነሱ አይወዱትም። አመጣጣቸውን በተመለከተ ከዳን ነገድ የሚያደርስ፣ ከደቡብ ዐረብ የሚያሻግር፣ ከኤለፋንቲን የሚያወርድ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በመካከለኛው ዘመን የተፈጠረ ማኅበር ነው የሚል ሐሳብ አለ፤ ባለሙያዎቹ አልተስማሙም። የሚታወቀው ኦሪትን በግእዝ ማንበባቸው፣ በቄሶች መመራታቸውና የራቢዎቹን የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ታልሙድን አለማወቃቸው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የካይሮው ራቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ከዳን ነገድ ናቸው ብሎ ፈረደ፤ በ1973 የእስራኤሉ ዋና ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ይህንኑ አጸና፤ በ1975 መንግሥት አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው እንዲኖሩ በሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ተቀበላቸው። በ1991 የሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ 14,325 ሰው ከአዲስ አበባ ወጣ። ልብ ይባል፦ የመግቢያ ፈቃዳቸው የቆመው በ722 ቅ.ል.ክ. በተማረከ ነገድ ላይ ነው።

ከዮም ኪፑር (የማስተስረያ ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውለው የስግድ በዓላቸው በ2008 በእስራኤል ፓርላማ በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል ሆኗል። በጎንደር ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ይጸልዩ ነበር፤ አሁን የሚሰበሰቡት ኢየሩሳሌምን ቁልቁል በሚያሳይ ኮረብታ ላይ ነው። የራቢዎቹን ሁለተኛ የበዓል ቀን ደግሞ በኢትዮጵያ ሳሉ አያውቁትም ነበር፤ በእስራኤልም አያስፈልጋቸውም። ከእስራኤል ተነሥቶ ኒው ዮርክ ለመኖር የሄደ ቤተ እስራኤላዊ ግን በራቢዎቹ ሕግ ከተመራ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የፋሲካን ስምንተኛ ቀን ያከብራል።